ዓይንዎን የሚያደክመው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ፊደሉ?

በዚህ ዓምድ ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ነገር ብዙ ጊዜ እንጨዋወታለን። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ዓይናችን ቀኑን ሙሉ ስለሚመገበው ነገር፣ ማለትም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ስለምናነበው ፊደል ነው። ርእሱ ከጤና ዓምድ ይልቅ የኮምፒውተር ጥገና ትምህርት ሊመስልዎ ይችላል። ነገሩን ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ይፍረዱ።

የአክስቴ ልጅ ፍርድ ቤት አጠገብ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ማመልከቻ፣ አቤቱታና የኪራይ ውል መተየብ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምራ ስትጽፍ ትውልና ወደ ዐስር ሰዓት ገደማ ግንባሯን ወጥሮ ይይዛታል፤ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል። ማታ ልጇን የቤት ሥራ ማስጠናት እስኪያቅታት ደርሳ ነበር። መጀመሪያ ከመንገድ ዳር የማንበቢያ መነጽር ገዛች። ቀጥላ «የኮምፒውተር ጨረር ይከላከላል» የተባለ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ መነጽር ገዛች። ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያም ጠዋት ጠዋት የካሮት ጭማቂ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ዓይኔን ሊያጠፋው ነው፤ ሥራውን ብተው ይሻለኛል» አለችኝ። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በእሷ ደመወዝ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

አንድ ቀን ደብዳቤ ላስተይብ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስክሪኑን ሳየው ፊደሎቹ እንፋሎት ከሸፈነው መስታወት ጀርባ ያሉ ይመስላሉ። «ሁልጊዜም እንዲህ ነው?» ብላት፣ «ኮምፒውተር እንዲህ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሌላ ስክሪን አልተጠቀመችምና አልፈረድኩባትም።

በስክሪን ላይ ያለ ፊደል ምንድን ነው?

ስፌት የሚያውቁ እናቶች ይህን ቶሎ ይረዱታል። መሶብ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ቀላል ነው። ሰያፍ ወይም ክብ ነገር ለማውጣት ሲፈለግ ግን አለላው የሚሄደው ስፌት በስፌት ስለሆነ ጠርዙ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወጣል። ስፌቱ ደቃቅ ከሆነ ደረጃው ከሩቅ አይታወቅም፤ ሻካራ ከሆነ ግን ያስታውቃል። የኮምፒውተር ስክሪንም እንዲሁ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሰፋ መሶብ ነው።

የነጥቦቹን ብዛት በቁጥር እንመልከት። በብዙ ቢሮዎች የነበረው ባለ 17 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተር ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 1024 ነጥብ አለው። ይህም በአንድ ኢንች ውስጥ 96 ነጥብ ገደማ ማለት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ባለ 24 ኢንችና 1920 በ1080 የሆነው ሞኒተርም በአንድ ኢንች 92 ያህል ብቻ ስላለው ትልቅ ሆነ እንጂ ስፌቱ አልደቀቀም። በወረቀት ላይ የሚያትመው ሌዘር ፕሪንተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ይጥላል። ስለዚህ መጠኑ 12 የሆነ ፊደል በወረቀት ላይ 100 ረድፍ ነጥብ ሲደርሰው፣ በተለመደው ስክሪን ላይ የሚደርሰው 16 ረድፍ ነው። ከ16ቱም የተወሰነው በላይና በታች ለክፍተት ይሄዳል። ያው ፊደል፣ ያው መጠን፣ ግን አንዱ በመርፌ ሌላው በወስፌ የተሰፋ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ጉድለት ለመሸፈን ያገኙት ዘዴ ጠርዙን ማለስለስ ነው። ደረጃው በሚሰበርበት ቦታ ላይ ሙሉ ጥቁር ወይም ሙሉ ነጭ ከማድረግ ይልቅ ግራጫ ነጥብ ይደረግበታል። ዓይን ግራጫውን ከጥቁሩ ጋር ቀላቅሎ ለስላሳ ጠርዝ አድርጎ ያየዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ግን ጥቂት ብዥታ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የበለጠ ረቂቅ ነው። በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን የቆሙባት ናት። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ክሊርታይፕ ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ ሦስቱን ዘንጎች ለየብቻ እያበራና እያጠፋ የፊደሉን ጠርዝ ወደ ጎን ሦስት ጊዜ ያህል አድቅቆ ይስላል። ዓይናችን የብርሃንን መብዛትና ማነስ በደንብ ሲለይ፣ በጣም ጥቃቅን በሆነ ነገር ላይ ቀለምን ለመለየት ግን ደካማ ስለሆነ ብልሃቱ ይሠራል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ቢመጣም ተጠቃሚው ካላበራው በስተቀር የጠፋ ነበር። ሳይነካ እንዲሠራ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ላይ ነው። በዚያ መሃል ስንት ሰው በተሰባበረ ፊደል ሲያነብ እንደኖረ ሳስበው ይገርመኛል።

ብልሃቱ ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይስማማም መታወቅ አለበት። አንዳንድ ሰው የፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀላ ያለ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይታየዋል። ሞኒተሩ ወደ ጎን ተገልብጦ ከቆመ ዘንጎቹ አብረው ስለሚጋደሙ ዘዴው ለዚያ አቋም ካልተስተካከለ ጥቅሙ ይቀራል። አፕል የተባለው ኩባንያ ደግሞ የራሱ ኮምፒውተሮች ስክሪን እጅግ ስለደቀቀ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን በቀለም ማለስለስ ትቶ ወደ ግራጫው ተመልሷል። ስልክም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አይፎን 4 በአንድ ኢንች 326 ነጥብ ነበረው፤ ዛሬ ርካሽ የሚባሉት ስልኮችም ብዙዎቹ ከ250 በላይ አላቸው። በስልክ ላይ ችግሩ የነጥቡ ማነስ ሳይሆን የፊደሉ ማነስና የስልኩ ወደ ፊት መጠጋት ነው።

የእኛ ፊደል ለምን ይበልጥ ይጎዳል?

በላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው የሚለየው ሃያ ስድስት ትልልቅና ሃያ ስድስት ትንንሽ ቅርጾችን ነው። የእኛ ፊደል ግን ከ300 በላይ ምልክት አለው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውም ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ናት። «ቢ» እና «ቤ»ን ይመልከቱ። በወረቀት ላይ የ«ቤ» ቀለበት በግልጽ ክፍት ነው። በስክሪን ላይ ግን ያ ቀዳዳ የሚደርሰው አንዲት ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ማለስለሻው እሷን ግራጫ ካደረጋት ቀለበቱ ይደፈንና «ቤ» የነበረው «ቢ» ይመስላል። የአክስቴ ልጅ በአንድ የኪራይ ውል ላይ «ቤቴን» ማለት ሲገባት «ቤቲን» ብላ አትማ፣ ባለጉዳዩ «ቤቲ ማናት? ሚስቴ ብታየው ምን ትላለች?» ብሎ አልከፍልም ብሏት ያውቃል። አሁን እንስቃለን፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

በዚህ ላይ ለላቲን ፊደል የተደረገው ጥንቃቄ ለእኛ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ቬርዳና የተባለው ፎንት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ከመጀመሪያው ለስክሪን ተብሎ የተሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር በትንሽ መጠን ላይ የትኛው ነጥብ ላይ እንደሚያርፍ ተስተካክሎለታል። ይህን ሥራ ለ300 ምልክት መሥራት ምን ያህል ድካም እንደሆነ መገመት አያቅትም። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት ደግሞ ከቪስታ ጋር። ከዚያ በፊት እንጠቀምባቸው ከነበሩት ፎንቶች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ሲታተሙ የሚያምሩ፣ ስክሪን ላይ ግን የሚደበዝዙ ነበሩ።

ዐረብኛ የሚያነብም ሰው ያው ችግር አለበት። ባእ፣ ታእና ሣእ የሚለያዩት በነጥብ ብዛትና ቦታ ነው። ሁለት ነጥብ ሲደበዝዝ አንድ ሰረዝ ይመስላል። ፈትሓና ከስራም ከፊደሉ በላይና በታች የሚሰመሩ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው። በሙስሐፍ ላይ ያለ ችግር የሚያነብ አዛውንት በስልክ ላይ ሲያነብ ቢሳሳት ዓይኑ ብቻ ተወቃሽ አይደለም። አብዛኛው የቁርኣን ማንበቢያ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያተልቅበት ቦታ ስላለው ለአባትዎ ወይም ለእናትዎ ያንን ቢያስተካክሉላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ዓይን ምን ይሆናል?

አንጎላችን የደበዘዘ ፊደል ሲያጋጥመው አይቆምም፤ ይገምታል። ለመገመት ግን ግንባር ይቋጠራል፣ ዓይን ይጠብባል፣ አንገት ወደ ፊት ይሰግጋል። ወደ ፊት በተጠጋን መጠን ደግሞ በዓይን ውስጥ ሌንሱን የሚቆጣጠረው ጡንቻ ይበልጥ ይኮማተራል። እጅዎን ጨብጠው ስምንት ሰዓት ቢቆዩ ምን ይሰማዎታል? የከሰዓት በኋላው ራስ ምታትና የትከሻ ሕመም አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሌላው የዓይን መርገብገብ ነው። በእያንዳንዱ መርገብገብ እንባ የዓይንን ፊት ይለቀልቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ አንድ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት፣ 104 የቢሮ ሠራተኞች ተዝናንተው ሲቀመጡ በደቂቃ በአማካይ 22 ጊዜ፣ መጽሐፍ ሲያነቡ 10 ጊዜ፣ ስክሪን ላይ ሲያነቡ ግን 7 ጊዜ ብቻ ዓይናቸው ይርገበገብ እንደነበር ተመዝግቧል። አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይኑ ደርቋል ማለት ነው። አየሩ ደረቅ፣ መስኮቱ ክፍት፣ ቬንትሌተሩ ፊት ላይ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ያስቸግራል እንጂ ዓይን አያጠፋም። የደበዘዘ ፊደል ማንበብ አዋቂ ሰውን እንደሚያሳውር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህን የምለው የአክስቴ ልጅ ሥራዋን ልትተው የነበረው ከድካሙ ይልቅ ከፍርሃቱ የተነሳ ስለነበረ ነው።

ስለ ካሮቱም እንናገር፤ የምግብ ዓምድ ነውና። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው በጨለማ የማየት ችግር ይገጥመዋል፤ ካሮት፣ ጎመንና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለዚህ ይጠቅማሉ። በቂ ያለው ሰው ግን በካሮት ላይ ካሮት ቢጨምር የተደፈነው «ቤ» አይከፈትለትም። የዓሣ ዘይት እንክብልም ለደረቀ ዓይን በሰፊው ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ 535 ሰዎች ለአንድ ዓመት የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ግን ከማስመሰያው እንክብል የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ሰማያዊ የሚያንጸባርቀው መነጽርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም 17 ሙከራዎችን አይቶ፣ በአጭር ጊዜ የኮምፒውተር ሥራ የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራው መነጽር የበለጠ እንደማይቀንስ ገምግሟል። እኔ በበኩሌ ያን ገንዘብ ለዓይን ምርመራ ባዋለችው እላለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የስክሪኑን ሬዞሉሽን ይመልከቱ። የአክስቴ ልጅ ዋናው ችግር እዚህ ነበር። ሞኒተሯ 1280 በ1024 ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 1024 በ768 ላይ ተደርጎ ነበር። ያደረገውም ሰው በክፋት አይደለም፤ ፊደሉ እንዲተልቅ ብሎ ነው። ተልቋል፤ ግን አንዱ ነጥብ ለአንድ ከሩብ ነጥብ መካፈል ነበረበት። አምስት እንጀራ ለአራት ሰው እኩል አካፍሉ ቢባል አንዱ እንጀራ መቆራረሱ አይቀርም፤ ፊደሉም እንዲሁ ተቆራርሶ ነበር። ጠፍጣፋ ስክሪን ጥርት ብሎ የሚያሳየው ሲሠራ በተሰጠው የነጥብ ልክ ላይ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ላይ «ሬኮሜንድድ» የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ።

ይህን ሲያደርጉ ፊደሉ ያንሳል። አይደንግጡ፤ ማተለቂያው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ገጽ ላይ «ስኬል» የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ያሳድጉ። በሚጽፉበት ፕሮግራም ላይ ደግሞ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘው የማውሱን ጎማ ወደ ፊት ያሽከርክሩ። ይህ የሚያተልቀው እርስዎ የሚያዩትን ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ፊደል መጠኑ አይለወጥም። ብዙ ተያቢዎች ይህን ስለማያውቁ «ውሉ በሁለት ገጽ እንዳያልፍ» እያሉ በደቃቅ ፊደል ሲጨነቁ ይውላሉ።

ምን ያህል ላትልቀው? ለሚሉ የዓይን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ተመችቶ ለማንበብ ፊደሉ ማንበብ ከሚችሉት ትንሹ ፊደል ሦስት እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከተቀመጡበት ይነሱና ከስክሪኑ ያለዎትን ርቀት ሦስት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ይሂዱ። ከዚያ ሆነው ፊደሉን በጭንቅም ቢሆን ማንበብ ከቻሉ መጠኑ ይበቃዎታል። ካልቻሉ ያትልቁት። የአማርኛውን ሙከራ ሲያደርጉ «ቤ»ን ከ«ቢ» መለየት መቻልዎን ይሞክሩ፤ ቃሉን በግምት ማንበብ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ማለስለሻው ነው። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ክሊርታይፕ ብለው በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንድ ማስተካከያ ይከፈታል። መጀመሪያ ሬዞሉሽኑ ትክክል መሆኑን ይመለከታል፤ ከዚያ የተለያዩ የጽሑፍ ናሙናዎችን እያቀረበ የትኛው እንደሚጠራልዎ ይጠይቃል። የመነጽር ሐኪም ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ወይስ ያኛው?» እንደሚለው ማለት ነው። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። እኔና የአክስቴ ልጅ አብረን ስንመርጥ በሁለት ቦታ ላይ አልተስማማንም፤ ሥራው የእሷ ስለሆነ የእሷ ዓይን ያለው ጸደቀ። ማስተካከያውን ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት መነጽርና በሚቀመጡበት ርቀት ሆነው ይሥሩት።

ሞኒተሩ የሚገናኘው በድሮው ባለ ሰማያዊ ጫፍ ቪጂኤ ገመድ ከሆነ ፊደሉ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ወይም ጥላ ሊያወጣ ይችላል። ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የሚል ቁልፍ ካለ አንዴ ይጫኑት፤ ከተቻለ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይቀይሩት። ስክሪኑን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በእኛ አገር አቧራ ላይ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከስክሪኑ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ የስክሪኑ አናት ከዓይንዎ ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። መስኮት ከጀርባዎ ወይም ከፊትዎ ሳይሆን ከጎንዎ ይሁን። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ብርሃን ባለበት ክፍል ለረጅም ንባብ ለአብዛኛው ሰው ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ ይቀላል፤ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው በተለይ ነጩ ፊደል ይረጭበታል።

በየሃያ ደቂቃው ቢያንስ ለሃያ ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር መመልከትም የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። በዚያ መሃል ሆን ብለው ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ይጨፍኑና ይግለጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድካሙ ከቀጠለ ዓይንዎን ያስመርምሩ። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ቅርብ ማየት ይከብዳል። ከመንገድ ዳር የሚገዛው የማንበቢያ መነጽር ለመጽሐፍ ርቀት፣ ማለትም ለ40 ሳንቲ ሜትር ያህል የታሰበ ነው፤ ሁለቱም መስታወት እኩል ስለሆነ ግራና ቀኝ ዓይንዎ ከተለያየ አይስማማም። አንዳንዴ ጥርት አንዳንዴ ብዥ የሚል ዓይን የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ደምዎንም ያስለኩ። ዓይን ቀልቶ በኃይል ካመመ፣ በድንገት ማየት ከቀነሰ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ብልጭታ ከበዛ ግን የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለምና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የአክስቴ ልጅ ስክሪኑ ከተስተካከለ በኋላ ራስ ምታቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣም ቀለላት፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም። ስትመረመር በአንድ ዓይኗ ላይ አስቲግማቲዝም ተገኘባት። በልኳ የተሠራ መነጽር አደረገች። ካሮቱን ወድዳው ቀጥላበታለች። አሁን የቀራት ጣጣ ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ «ፊደሉ ዝሆን አከለ» እያለ መልሶ ያሳንስባታል። ለየራሳቸው መግቢያ ስም እንዲከፍቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልከፈቱም።